ፊልሙ አስቀድሞ ኮልፌ ይታይ!

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ ኮልፌው ኮንሰርትና እዚያ ስለ ቀረጽነው ፊልም የጻፈውን ሁላችንም አንብበነዋል። አንብበንም ስቀናል። ወንድማችን ብዕሩን ማሾል ያውቅበታል። ማሲንቆን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጎን ማቆም «አያትን ሞተር ብስክሌት ላይ ማፈናጠጥ ነው» ያላትን ነገር እስከ ዛሬ ድረስ በካፌው ሰልፍ ላይ ስንቀባበላት እንውላለን። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ጉሮሯችን ላይ ቀረ። ለመሆኑ የሳቅነው በማን ላይ ነው? በራሳችን ላይ ከሆነ ደግ ነው፤ ይገባናል። በኮልፌ ሕዝብ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

የወንድማችን ክስ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ክራርና ማሲንቆን ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም ጋር ማጫወት ባህልም አይደለም፣ ዘመናዊነትም አይደለም፤ ሁለቱንም ማበላሸት ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ኮንሰርትን በሜዳ ላይ መቅረጽ ከንቱ ድካም ነው፤ ነፋሱና የመኪናው ጥሩምባ ሙዚቃውን ይበላዋል፣ አዳራሽ ውስጥ መሆን ነበረበት ይላል። ሦስተኛ፣ ከተቀረጸው አንድ ሰዓት ከሠላሳ አራት ደቂቃ ውስጥ ዐሥራ አንዱ ደቂቃ ብቻ ተመርጦ፣ «ጫጫታው፣ ዝምታውና አሳፋሪው ክፍል» ወጥቶለት በግቢያችን አዳራሽ በመዝጊያው በዓል ላይ ይታይ ይላል።

ይህን ሦስተኛውን ሐሳብ በማኅበራችን ውስጥ የሚደግፉት ጥቂት አይደሉም። በሚቀጥለው ሐሙስ ስብሰባ ላይም ድምፅ ይሰጥበታል። ዝም ካልን ያልፋል። ስለዚህ ዝም አንልም።

በመጀመሪያ እዚያ ላልነበራችሁ የሆነውን እንንገራችሁ።

ባለፈው የካቲት አንድ እሑድ ነው። ቦታው ከኮልፌ አጣና ተራ ብዙም የማይርቅ ሜዳ ነው። ባንዱን ያቋቋሙት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ ከእኛ ጋር የሚማሩ ናቸው። ክራሩ በሽቦ ከአምፕሊፋየር ጋር ተያይዟል። አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ ድራም፣ ከበሮ፣ ከዚያ ደግሞ ማሲንቆ አለ። ማሲንቆውን የሚጫወቱት ሰው ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ብሎ የሚጠራቸው ናቸው፤ እኛም እንዲሁ እንላቸዋለን። ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ አጣና ሲያወርዱና ሲደረድሩ ይውላሉ። ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ከተገኘ ማሲንቋቸውን ይይዛሉ። መድረኩም የተሠራው ከዚያው ከአጣና ተራ በተውሶ በመጣ አጣና ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሚስማሩ ተነቃቅሎ፣ ተቆጥሮ ለባለቤቱ ተመልሷል። የእኛ ዕቃ አንዲት የተዋስናት ካሜራና ሦስት ስልኮች ነበሩ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሕፃናቱ ከመድረኩ ሥር ተኮለኮሉ። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ዳር ዳሩን ያዙ። ቆሎ ሻጮቹ በመካከል ይመላለሳሉ። ከመንገዱ በኩል የታክሲ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ሲል በእያንዳንዱ ዘፈን ውስጥ ይሰማል። አንድ ጎረምሳ እንዲያውም በሦስተኛው ዘፈን ላይ ከድራሙ ጋር ምቱን ጠብቆ ይጣራ ጀመር፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ማንም ለማንም ትእዛዝ አልሰጠም። ድራመሩ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አኖረ። ክራሩ ዝም አለ። ሕዝቡም ዝም አለ። ሕፃናቱ እንኳን ዝም አሉ። አዛኑ ሲያበቃ ጋሼ ማሲንቋቸውን አንድ ጊዜ ጎተት አደረጓትና ዘፈኑ ከቆመበት ቀጠለ።

ጥቂት ቆይቶ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አልነበረንም። ጊታሩ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ቤዙ ሞተ፣ የዘፋኟ ማይክ ዱላ ሆነ። ካሜራችን ግን በባትሪዋ መሥራቷን ቀጠለች። በዚያ ጨለማ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ስልክ በራ፣ ቀጥሎ ዐሥር፣ ቀጥሎ ሜዳው ሁሉ። ሕዝቡ ምቱን በጭብጨባ ያዘው። ጋሼ ከመድረኩ ወርደው ሕዝቡ መካከል ገቡና ብቻቸውን መጫወት ጀመሩ። እዚያው በዚያው እንዲህ ብለው ገጠሙ፦

«ሽቦ ያመጣውን ሽቦ ወሰደብኝ፣
የፈረስ ጭራዬ አንቺ ብቻ ቅሪልኝ።»

ከዚያ በኋላ የተሰማውን እልልታ ልንጽፈው አንችልም፤ ፊልሙ ላይ አለ። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆየ። መብራቱ ሲመለስ ጊታሩ ገባ። የገባው ግን ልጆቹ ለወራት በተለማመዱት ፍጥነት አይደለም፤ ሕዝቡ በሚያጨበጭብበት ፍጥነት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ባንዱን የመራው ሜዳው ነው።

እንግዲህ ወንድማችን «አሳፋሪው ክፍል» ያለው ይህንኑ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። «ዝምታው» ያለው ደግሞ የአዛኑን ዝምታ ነው።

አሁን ወደ ክሱ እንመለስ።

ማሲንቆና ጊታር አብረው መቆማቸው ባህል ማበላሸት ነው ይባላል። እሺ፣ ባህሉ መቼ ነው ሳይደባለቅ የቆመው? ዛሬ «የእኛ» የምንለው የከተማ ሙዚቃ በነሐስ መሣሪያ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች መለከትና ትሮምቦናቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ የአገሬው ሰው ጆሮውን አልደፈነም። ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሽለላውንና ፉከራውን ወስዶ በሳክስፎን ሲነፋው ሳክስፎኑ ጎንደሬ አልነበረም፤ እሱ ነው አገሬ ያደረገው። ያው ሰው በሽምግልናው ዘመን «ዘ ኤክስ» ከሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር ተጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አሳተመ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ደግሞ ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር በተዘጋጀው የአደባባይ ኮንሰርት ላይ ከዚያው ባንድ ጋር ሰማይ ሥር ቆሞ ነፋ። አያት ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጠጡ ማለት ይህ ነው፤ ደግሞም አልወደቁም!

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤልዳብ በየአገሩ ለየብቻቸው የሚሰሙትን ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናን፣ እምቢልታን በአንድ መድረክ ላይ ሰብስቦ አቋቋመው፤ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ጥላ ሥርም አደገ። ያን ጊዜም በገናን ከእምቢልታ ጋር ማስቀመጥ ነውር የመሰለው ሰው አይጠፋም። በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። እ.ኤ.አ. በ1969 የቡድኑ አባላት «ብሉ ናይል» በሚል ስም አሜሪካን ዞሩ፤ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ሁሉ በሚያየው በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀረቡ። በእኛው ዘመን ደግሞ ጃኖ ባንድ ሮክን በአማርኛ ዜማ እየቃኘ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን አወጣ። ታዲያ የኮልፌ ልጆች ከእነዚህ ሁሉ በኋላ መጥተው በምን ጥፋት ይከሰሳሉ? ክራር ራሱ እኮ በአባቶቻችን ዘንድ «የሰይጣን መሣሪያ» ይባል ነበር። ትናንት ሰይጣን የተባለውን ዛሬ መልአክ አድርገን መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ክራሩን ማክበር አይደለም፤ መግነዝ ነው።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻም አይደለም። ጁላይ 25 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ቦብ ዲላን በኒውፖርት የሕዝብ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቦ ሲወጣ ከሕዝቡ ከፊሉ ጮኸበት። «ባህላችንን አረከሰው» ባዮች ነበሩ። ያን ምሽት የፊልም ሠሪው መሪ ለርነር ካሜራ እዚያ ስለነበረ ጩኸቱም ጭብጨባውም ተቀርጿል፤ ዛሬም መስማት ይቻላል። ለርነር ጩኸቱን «አሳፋሪ ክፍል ነው» ብሎ ቢያወጣው ኖሮ ዛሬ ስለዚያ ምሽት ምን ይቀረን ነበር? አንድ ጊታር ይዞ የሚዘፍን ቀጭን ልጅ ብቻ።

ሁለተኛው ክስ የሜዳው ነገር ነው። ወንድማችን ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1971 በጣሊያን አገር፣ በጥንታዊቷ ፖምፔይ ፍርስራሽ ውስጥ የተቀረጹትን ፊልም ነው። እውነት ነው፣ ድምፁ የጠራ ነው። ሜዳም ነው። ነገር ግን ተመልካች የለበትም! ሆን ተብሎ ባዶ ቦታ ላይ የተሠራ ነው፤ ለዚያ ሥራ ያምራል። ወንድማችን ግን ያን አይቶ ለእኛ ያወጣው ሕግ «ሕዝብ ከሌለ ድምፁ ይጠራል» የሚል ነው። ይህማ ልክ ነው። ሕዝብ ከሌለ ብዙ ነገር ይጠራል። ሰርግም ያለ ዘመድ ወጪው ይቀንሳል።

እኛ ሌላ ፊልም እንጠቅሳለን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1972 በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ዋትስ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ከሰባት ዓመት በፊት የተነሣበትን አመፅ ለማስታወስ በስታዲየም ታላቅ ኮንሰርት ተደረገ። መግቢያው አንድ ዶላር ነበር። በቀጣዩ ዓመት «ዋትስታክስ» በሚል ስም ፊልሙ ወጣ። ፊልሙን ያየ ሰው የሚያስታውሰው ዘፋኞቹን ብቻ አይደለም። ካሜራው ከስታዲየሙ እየወጣ ወደ ሰፈሩ ይገባል፤ ሰዎች በየምግብ ቤቱና በየጸጉር ቤቱ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ፖሊስ ሲያወሩ ያሳያል፤ ከዚያ ወደ መድረኩ ይመለሳል። ስለዚህ ዘፈኑ ሲመጣ ለማን እንደሚዘፈን እናውቃለን። የኮልፌ ሜዳ ለእኛ ይህ ነው። የታክሲ ረዳቱ ድምፅ ዘፈኑን አልበላውም፤ ዘፈኑ የት አገር እንደተዘፈነ ነገረን እንጂ። በአዳራሽ የተቀረጸ ክራር ቦሌም ይሁን ለንደን አይታወቅም። ይኸኛው ግን ኮልፌ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኮልፌ አንድ ነገር እንበል። ኮልፌ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ በማለፊያነት የምትጠቀስ ሰፈር ናት። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ ባለው የፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል፤ ዓለም ስሟን የሚያውቀው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌን ለማከምና ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተቋቋመ ነው፤ በዚያም ትታወቃለች። ሁለቱም የሚያኮሩ ናቸው። ግን አንዱ ስለ መጣ እንግዳ ነው፣ ሌላው ስለ ደዌ ነው። ኮልፌ ራሷ ስትዘፍን ማን አየ?

የሥጋ ደዌን ካነሣን ላሊበላዎችን አለማንሣት አይቻልም። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው በባልና ሚስት ድምፅ እያዜሙ፣ ባለቤቱን በስሙ እያወደሱ፣ የተሰጣቸውን ተቀብለው መርቀው የሚሄዱት ናቸው። «ዜማቸውን ከተዉ ደዌው ይይዛቸዋል» የሚለው አፈ ታሪክ እስከ ዛሬ ይከተላቸዋል። ከማንኛውም ባንድ በፊት የዚህች ከተማ የአደባባይ ኮንሰርት የእነሱ ነበር፤ መድረካቸው የሰው ደጃፍ ነው። ይህንንስ በፊልም ያስቀረልን ማነው? ኢትሱሺ ካዋሴ የሚባል ጃፓናዊ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ላሊበላዎች ፊልም ሠርቷል። እናመሰግነዋለን፤ ይህን የምንለው ለሽሙጥ አይደለም። እኛ ግን በዚያ ሰዓት ብርድ ልብሳችንን ወደ ጆሯችን ስበን «ዛሬ ደግሞ ማን ቀሰቀሰን!» እንላለን።

ወደ ሦስተኛውና ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ፊልሙ የማን ነው? ማንስ አስቀድሞ ይየው?

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2005 እ.ኤ.አ.) የቦብ ማርሌይ ስድሳኛ የልደት ቀን በመስቀል አደባባይ ተከበረ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። ከመካከላችን የአንዳችን አክስት ያን ቀን ከኮልፌ በእግሯ ሄዳ፣ ታክሲ አጥታ በእግሯ ነው የተመለሰችው፤ የጫማዋ ተረከዝ ጦር ኃይሎች ላይ እንደ ተነቀለ እስከ ዛሬ ታወራለች። ኮንሰርቱ በስቴፋኒ ብላክ አዘጋጅነት ፊልም ሆኖ «አፍሪካ ዩናይት» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። ሬጌ እንጂ የሕዝብ ዜማና ሮክ አይደለም ትሉን ይሆናል፤ ይሁን። በዚህች ከተማ ሰማይ ሥር ተደርጎ ለዓለም በፊልም የቀረበ ኮንሰርት ሲባል ግን ቀድሞ የሚታወሰን እሱ ነው። ፊልሙ የማርሌይ ቤተሰብ ጉዞ ነው፤ ሠሪዎቹ የራሳቸውን ታሪክ መናገራቸው ነውር አይደለም። ነውሩ ወዲህ ነው። የእኛዋ አክስት ፊልሙ መኖሩን የሰማችው ዘንድሮ ነው፤ ከእኛ! ሃያ ዓመት ያህል ስለዚያ ቀን ስታወራ ኖራ እሷ ያለችበት ምስል በዓለም ዙሪያ ሲታይ አላወቀችም። የሕዝቡ ጭንቅላት ባሕር ሆኖ ተቀረጸ፤ ባሕሩ ግን ራሱን አላየም።

የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 በጋ በኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ በአንድ መናፈሻ በተከታታይ እሑዶች ታላቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ተደረገ። ሃል ተልቺን የሚባል ሰው አርባ ሰዓት ያህል ቀረጸው። ከዚያስ? የሚገዛው አጥቶ ቴፑ ሃምሳ ዓመት ያህል ምድር ቤት ተቀመጠ። «ሰመር ኦፍ ሶል» ተብሎ ፊልም ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በልጅነቱ እዚያ የነበረ አንድ ሰው ፊልሙ ላይ ምስሉን ሲያይ ያለቅሳል፤ ያየሁት ነገር እውነት መሆኑን አሁን አወቅሁ የሚል ዓይነት ለቅሶ ነው። እንግዲህ መቅረጽ ብቻውን ምንም አይደለም ማለት ነው። ተቀርጾ የማይታይ ነገር ካልተቀረጸው የሚለየው ቦታ በመያዙ ብቻ ነው።

አሁን ሂሱን ጨርሰን ወደ ግለ ሂስ እንግባ። ወንድማችን ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። ከየካቲት ጀምሮ ፊልሙ ያለው በእኛ እጅ ነው። በወንድማችን እጅ አይደለም። ለተጫዋቾቹ በአንድ ወር ውስጥ ቅጂ እንሰጣለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። አልሰጠንም። የትራንስፖርት እንከፍላለን ብለን ነበር። አንድ ምሳ ሽሮ ጋብዘን ዝም አልን። ከሦስቱ ስልኮች የአንዱ ቀረጻ «ሜሞሪ ሞላብኝ» ተብሎ ተሰርዟል፤ የሰረዘው ከእኛ አንዱ ነው፣ የሰረዘውም የፈተና መልስ ፎቶ ለማንሣት ነው። ይህን ጽፈን ማፈር ይሻላል፤ ደብቀን ከምንኮራ።

ከሁሉም የከበደን ግን የጋሼ ነገር ነው። ባለፈው ወር ሁለታችን አጣና ተራ ሄደን አገኘናቸው። ትከሻቸው ላይ አጣና እንደ ተሸከሙ ቆሙና «ልጆቼ፣ ፊልሙ ደረሰ ወይ?» አሉን። «ገና ነው ጋሼ፣ እየተስተካከለ ነው» አልን። ሸክማቸውን አወረዱና ላባቸውን ጠርገው እንዲህ አሉን፦ «እኔ እኮ በስንት ሰርግ ላይ ተቀርጫለሁ። ካሴቱ ለሙሽሮቹ ነው የሚሰጠው። ራሴን ስጫወት አይቼ አላውቅም።»

መልስ አልነበረንም። እስከ አሁንም የለንም። ያለን አንድ ሰዓት ከሠላሳ አራት ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ያ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ቢጸድቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጋሼ ብቻቸውን የሚጫወቱበት ዘጠኝ ደቂቃ ይወጣል፤ ምክንያቱም መብራት የጠፋበት ነው፣ ምስሉም ጨለም ይላል። የሚቀሩት በጊታሩና በድራሙ መካከል ተሸጉጠው፣ ሁለት ጊዜ በጨረፍታ ነው። ያውም የሚታየው ማሲንቋቸው እንጂ ፊታቸው አይደለም። ከስንት ሰርግ በኋላ የመጀመሪያው የራሳቸው ፊልም ይህ ሊሆን ነው! «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እኛ ዝምታውን ቆርጠን፣ ጨለማውን ቆርጠን፣ ሕዝቡን ቆርጠን ስንጨርስ የነቀነቅነው አጥር የማን ነው?

የአዛኑን ዝምታ በተመለከተም አንድ ነገር እንጨምር። «ተመልካች ይሰለቻል» ተብሏል። ይሰልች! ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሜዳ ላይ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ አንዱ ለሌላው ዝም ያለበትን ጊዜ መቁረጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ወንድማችን ቆም ብሎ ያስብ። ስለ መቻቻል የሚሰበክ ንግግር በየአዳራሹ ስንሰማ አድገናል። ያ ዝምታ ንግግር የለውም። ስለዚህ ነው የምናምነው።

የወንድማችን ሐሳብ ሁሉ ስሕተት ነው አንልም። ሚዛን እንያዝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ላይ ነፋሱ ማይኩን መትቶታል፤ ይስተካከል። ክራሩ እስኪቃኝ ድረስ የጠበቅነው ጊዜ ረዥም ነው፤ ይጠር። ከእኛ አንዱ ካሜራውን ይዞ ሲጨፍር ምስሉ የተናወጠበት ቦታ አለ፤ እሱም ይውጣ፣ ባለቤቱም ተስማምቷል። ማሳጠርን አንቃወምም። የምንቃወመው ማሳጠርን ሰበብ አድርጎ ሕዝቡን ከራሱ ኮንሰርት ማስወጣትን ነው። ድምፅ ማጥራት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ማጥራት ሌላ ነው።

ስለዚህ ለሐሙሱ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ የተቀረጸው ሁሉ ሳይቆረጥ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቦታ ኮልፌ፣ በባንዱ እጅ ይሁን። ከእንግዲህ በአንድ ሰው ስልክ ላይ የሚቀመጥ ታሪክ አይኑረን።

ሁለተኛ፣ ለእይታ የሚዘጋጀው ፊልም የፈለገውን ያህል ይጠር፤ የአዛኑ ዝምታና የጨለማው ዘጠኝ ደቂቃ ግን አይነኩ።

ሦስተኛ፣ ፊልሙ አስቀድሞ ኮልፌ ይታይ። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት። አጣናውን እንደገና እንዋሳለን፤ በሁለት አጣና መካከል ነጭ አንሶላ እንወጥራለን። የግቢያችን አዳራሽ ሁለተኛ ይሁን። አዳራሹ አይቀየምም።

አራተኛ፣ የተጫዋቾቹ ስም አንድ በአንድ በፊልሙ መጨረሻ ላይ በሙሉ ይጻፍ፤ «የአካባቢው ወጣቶችና አንድ አዛውንት» የሚባል ነገር አይኑር። ለእያንዳንዳቸውም ቅጂ ይሰጣቸው። በግቢያችን ሲታይ ከመግቢያው የሚገኘው ገንዘብ አስቀድሞ ቃል የገባነውን የትራንስፖርት ዕዳ ይክፈል።

ይህ ሁሉ ለአንድ የሰፈር ባንድ ከበዛ፣ በበዛበት እንሟገት። የዚህች አገር ሙዚቃ ለዓለም እንዲደርስ የደከሙ የውጭ ሰዎች አሉ፤ ምስጋናችን የማይቀር ነው። የአገሩን ሰርዶ ግን በአገሩ በሬ ነው። ካሜራ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ባለበት ዘመን «የሚቀርጸን አጣን» ማለት አንችልም። የጎደለን ካሜራ አይደለም። ቀርጸን ስናበቃ ፊልሙን ለማን መልሰን እንደምንሰጥ ማወቅ ነው።

ወንድማችን፣ አንተም ና። መብራት ድንገት ቢጠፋ አትፍራ፤ ጋሼ እዚያ ይኖራሉ።

ሌሎቻችሁም ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ ኑ። እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አትክተቱ፤ መጀመሪያ ለድምፅ መስጫ፣ በኋላም ኮልፌ ላይ ለጭብጨባ ይፈለጋል።